ሌድ ዜፕሊን ከሙዚቃ መጽሔቶች ጋር ለምን ተጣላ?

የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ሌድ ዜፕሊን የመጀመሪያ አልበሙን አሜሪካ ውስጥ ያወጣው በጃንዋሪ 1969 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዘመኑ ዋና የሮክ መጽሔት ሮሊንግ ስቶን ባንዱን ሽፋኑ ላይ ያወጣው ደግሞ በማርች 1975 ነው። በመሀል ስድስት ዓመት አለ። ባንዱ ከ1969 እስከ 1973 ካወጣቸው አምስት አልበሞች ሦስቱ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጥተዋል፤ ስታዲየም ሞልቶ መጫወትም ጀምሮ ነበር። መጽሔቱ ግን ፊቱን እንዳዞረ ቆየ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ሃያሲ ጠላቸው፣ ሕዝብ ወደዳቸው» በሚል አጭር መልኩ ነው። እንዲህ ሲያጥር ዋናው ነገር ይቀራል። ጠቡ ውስጥ ጣዕም አለበት፤ ከጣዕም ይልቅ ግን አሠራሩ ብዙ ነገር ያስረዳል። ሸክላው ማን እጅ ይገባል? ከባንዱ ጋር ተቀምጦ የሚያወራው ማን ነው? ወሬው በየትኛው ገጽ ይወጣል? ሌድ ዜፕሊን ያለ መጽሔቶቹ ድጋፍ ሚሊዮን ሸክላ የሸጠውም፣ ከሸጠ በኋላ ተመልሶ የፈለጋቸውም በእነዚህ ጥያቄዎች ምክንያት ነው።

ሁለት አገር፣ ሁለት ዓይነት ፕሬስ

ባንዱን ያቋቋመው ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ ነው። ያርድበርድስ የተባለው የቀድሞ ባንዱ በ1968 ሲበተን ድምጻዊውን ሮበርት ፕላንትን፣ ከበሮ መቺውን ጆን ቦናምን፣ ቤዝና ኪቦርድ የሚጫወተውን ጆን ፖል ጆንስን ይዞ ለንደን ላይ ጀመረ። ማናጀራቸው ፒተር ግራንት ነበር። ከዚህ በታች በሚወሳው ሁሉ ማለት ይቻላል የግራንት እጅ አለበት።

እንግሊዝ ውስጥ ሜሎዲ ሜከር፣ ኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ፣ ከ1970 ወዲህ ደግሞ ሳውንድስ በየሳምንቱ የሚወጡ ጋዜጦች ነበሩ። ሳምንታዊ ጋዜጣ በየሳምንቱ መሞላት ያለበት ገጽ አለው። ማን የት እንደሚጫወት፣ ማን ስቱዲዮ እንደገባ፣ ማን ከማን እንደተለያየ መዘገብ ስላለበት ጋዜጠኛው የባንዶቹን ስልክ ደጋግሞ መደወሉ አይቀርም። ይህ ቅርበት ብዕርን ያለዝባል። አዋርዶ የጻፈበት ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ ላያነሳለት ይችላልና። የሜሎዲ ሜከሩ ክሪስ ዌልች ከጅምሩ ስለ ባንዱ በጎ ይጽፍ ነበር። በ1970 የጋዜጣው አንባቢዎች በሰጡት ድምፅ ደግሞ ሌድ ዜፕሊን ለዓመታት በአንደኝነት የቆዩትን ቢትልሶችን አወረደ። ስለዚህ «ፕሬሱ ሁሉ ጠላቸው» የሚለው አነጋገር ቢያንስ ለእንግሊዝ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይሠራም።

አሜሪካ ሌላ ነበረች። ሮሊንግ ስቶን በ1967 መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተመሥርቶ በየሁለት ሳምንቱ ይታተም ነበር። የአልበም ግምገማ የሚጽፉለት ብዙዎቹ በጽሑፍ እየተከፈላቸው የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። አሳታሚው ኩባንያ ሸክላውን ይልካል፤ ጸሐፊው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያደምጣል፤ ይፈርዳል። ባንዱን ማግኘት አይጠበቅበትም፣ የባንዱ ቅሬታም አያሳስበውም። ከዚህም ሌላ መጽሔቱ ሮክን የአንድ ትውልድ ድምፅ አድርጎ ነበር የሚያየው፤ የቬትናም ጦርነትን የሚቃወመው፣ አዲስ አኗኗር የሚፈልገው ትውልድ ድምፅ። የሌድ ዜፕሊን አድማጭ በአብዛኛው ከዚያ ትውልድ በዕድሜ የሚያንስ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ልጅ ነበር። ያ ልጅ ከሙዚቃው የሚፈልገው መልእክት አልነበረም፤ ድምፁን፣ ክብደቱን፣ ደረት የሚመታውን ከበሮ ነበር። ሃያሲዎቹ ያልሰሙት እርሱ የሰማውን ነው።

የማርች 1969ኙ ግምገማ

በኖቬምበር 1968 ግራንት ከአትላንቲክ ሪከርድስ ጋር ተዋዋለ። በወቅቱ የተነገረው ቅድሚያ ክፍያ 143,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ላልታወቀ ባንድ እጅግ ብዙ ገንዘብ። ቅድሚያ ክፍያ ስጦታ አይደለም። ባንዱ ከሸክላ ሽያጭ ከሚያገኘው ድርሻ ላይ ቀስ በቀስ የሚቀነስ ብድር ነው። ሸክላው ካልተሸጠ የሚከስረው ኩባንያው ነው። አትላንቲክ ግን ውሉን ራሱን ዜና አደረገው፤ ኩባንያው ከፈረማቸው ትልልቅ ውሎች አንዱ መሆኑን በመግለጫ አስነገረ። ጋዜጠኞቹ ጠረጴዛ ላይ ሸክላው ሳይደርስ የገንዘቡ ወሬ ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ለነበረ የሮክ ጸሐፊ ከዚህ የባሰ መተዋወቂያ አይገኝም፤ ኩባንያ በገንዘብ ያበጠው ባንድ ነው የሚል ጥርጣሬ ወዲያው ይነሣል።

የሚያሳዝነው፣ እውነተኛው ታሪክ ተቃራኒው መሆኑ ነው። አልበሙ ለንደን በሚገኘው ኦሊምፒክ ስቱዲዮ በድምሩ 36 ሰዓት ገደማ በፈጀ ሥራ ተቀርጾ ወጪው 1,782 ፓውንድ ነበር። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ያለቀ፣ ፔጅና ግራንት ራሳቸው የከፈሉበት ሥራ ነው። አትላንቲክ የተረከበው የተጠናቀቀ ቅጂ ነበር። መግለጫው በዚህ ቢጀምር ኖሮ ሃያሲው ሸክላውን በሌላ ጆሮ የሚሰማበት ዕድል ነበር።

የሮሊንግ ስቶን ግምገማ ማርች 15 ቀን 1969 በተጻፈበት እትም ወጣ። ጸሐፊው የሎስ አንጀለሱ ወጣት ጆን ሜንደልሰን ነው። ዋና ነጥቡ፦ ይህ ባንድ የጄፍ ቤክ ግሩፕ ከጥቂት ወራት በፊት ካቀረበው የተለየ ብዙ ነገር የለውም፤ ፔጅ ጎበዝ ጊታሪስት ቢሆንም ዘፈን ደራሲነቱ ደካማ ነው፤ ፕላንት የቤክን ድምጻዊ ሮድ ስቱዋርትን አያህልም የሚል ነበር።

ከጄፍ ቤክ ጋር ማነጻጸሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ቤክም እንደ ፔጅ የያርድበርድስ ጊታሪስት ነበር። በ1968 ያወጣው አልበም ላይ ዊሊ ዲክሰን የደረሰውን «ዩ ሹክ ሚ» የተባለ የብሉዝ ዘፈን ተጫውቷል፤ ሌድ ዜፕሊንም የመጀመሪያው አልበሙ ላይ ይህንኑ ዘፈን አስገባ። በቤክ ቅጂ ላይ ኦርጋን የተጫወተው ደግሞ ራሱ ጆን ፖል ጆንስ ነው። ሁለቱን ሸክላ ጎን ለጎን ይዞ የተቀመጠ ሰው መመሳሰሉን ማየቱ ግድ ነው። ሜንደልሰን የሳተው ልዩነቱን ነው። የቤክ አልበም ድምጻዊና ጊታር ፊት ለፊት የቆሙበት ሥራ ነው። ፔጅ ማይክሮፎኑን ከቦናም ከበሮ ራቅ አድርጎ አስቀምጦ የክፍሉን ድምፅ አብሮ ቀረጸ፤ ከበሮው ከጊታሩ እኩል ዋና መሣሪያ ሆነ። ከዚያ በኋላ በመጣው ሮክ ውስጥ ለዓመታት የተቀዳው ይህ አቀራረጽ ነው።

ጊዜውንም ማየት ያስፈልጋል። አልበሙ የወጣው ጃንዋሪ 12 ነው፤ ግምገማው የወጣው ከሁለት ወር በኋላ። በዚያ መሀል ባንዱ የመጀመሪያውን የአሜሪካ ጉዞ ጨርሶ ወደ እንግሊዝ ተመልሷል፣ አልበሙም በሽያጭ ሰንጠረዡ ላይ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ በመጨረሻ አሥረኛ ደረጃ ደርሷል። ስለዚህ ግምገማው ሽያጩን አልጎዳም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። ባንዱ በኤፕሪል ለሁለተኛ ጉዞ ሲመለስ፣ ሊጠይቃቸው የሚመጣው ጋዜጠኛ ሮሊንግ ስቶንን አንብቦ የመጣ ነው። ጥያቄው «ሥራችሁ ከሌላው አይመሳሰልም ወይ?» ብሎ ይጀምራል፤ መልሱም ቁጣ ይሆናል፤ ቁጣው ይታተማል። አንድ ግምገማ እንዲህ ነው አሥር ጽሑፍ የሚወልደው።

ሁለተኛው አልበም በኦክቶበር ወጣ። መጽሔቱ ለዚያው ለሜንደልሰን ሰጠው፤ እርሱም በዲሴምበር ከመጀመሪያው ይበልጥ በሚያላግጥ ጽሑፍ ተቀበለው። አልበሙ የቢትልሶችን «አቢ ሮድ» አውርዶ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆነ።

ያለ መጽሔት መሸጥ እንዴት ተቻለ?

መልሱ ከሙዚቃ ውጭ በሆነ ደንብ ይጀምራል። አሜሪካ ውስጥ የኤ ኤምና የኤፍ ኤም ጣቢያ አብሮ የያዘ ባለቤት በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ሲያሰማ ኖሯል። የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን በትልልቅ ከተሞች ይህን በግማሽ እንዲቀንሱ አዘዘ፤ ደንቡ ከ1967 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ኤፍ ኤሞቹ በድንገት ባዶ ሰዓት ተረፋቸው። ኤ ኤም ላይ የሚሰማው ሦስት ደቂቃ የሚሆን ነጠላ ዜማ ነበር። ኤፍ ኤሞቹ ግን የአልበም ዘፈን፣ ስድስትና ስምንት ደቂቃ የሚረዝመውን ሁሉ ያለ መቁረጥ መልቀቅ ጀመሩ፤ ድምፁም በስቴሪዮ ጥርት ብሎ ይሰማል። የሌድ ዜፕሊን ሙዚቃ ለዚህ ጣቢያ የተሠራ ያህል ተስማማው።

ሁለተኛው መንገድ መድረክ ነው። በ1969 ብቻ ባንዱ አሜሪካን አራት ጊዜ ዞረ። በእያንዳንዱ ከተማ ኮንሰርቱን ያየ ልጅ በማግስቱ ትምህርት ቤት ያወራል፣ ሬዲዮ ጣቢያውን ይደውልለታል፣ ሸክላውን ይገዛል።

ሦስተኛው ውሉ ነው። ግራንት ከአትላንቲክ ያገኘው ትልቁ ነገር ገንዘቡ አልነበረም። አልበሙ መቼ እንደሚወጣ፣ ሽፋኑ ምን እንደሚመስል፣ የትኛው ዘፈን በነጠላ እንደሚታተም የመወሰን ሥልጣን ከባንዱ ጋር ቀረ። እንግሊዝ ውስጥ ባንዱ በነበረበት ዘመን ሁሉ ነጠላ ዜማ አላወጡም። «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» አሜሪካ ውስጥም በነጠላ አልተሸጠም፤ ሬዲዮ ላይ ሰምቶ የወደደው ሰው ሙሉውን አልበም ከመግዛት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ቴሌቪዥንም ከ1969 በኋላ ተዉት፤ የዚያን ጊዜ የቴሌቪዥን ድምፅ ሙዚቃቸውን ስለሚያሳንሰው። በኩባንያ ትእዛዝ ለመጽሔት ቃለ መጠይቅ የመስጠት ግዴታ ያልነበረባቸውም ለዚሁ ነው።

ጥቅሙ ይህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ነጠላ ዜማ፣ ቴሌቪዥንና ቃለ መጠይቅ ሦስቱም ሲቀሩ፣ ኮንሰርት ላልገባ ሰው ስለ ባንዱ የሚደርሰው ወሬ በሙሉ ሌላ ሰው የጻፈው መሆኑ ነው።

ስም የሌለው አልበም

ሦስተኛው አልበም በኦክቶበር 1970 ወጣ። ግማሹ በአኮስቲክ ጊታር የተሠራ፣ ከዌልስ ገጠር ቆይታቸው የተወለደ ለስላሳ ሥራ ነበር። ጩኸት ብቻ ነው የሚያውቁት ይላቸው የነበረ ጸሐፊ አሁን ደግሞ ክሮስቢ፣ ስቲልስ፣ ናሽ ኤንድ ያንግ የተባለውን ባንድ ቀዱ አለ። በሮሊንግ ስቶን ሌስተር ባንግስ የጻፈው ግምገማ ቅይጥ ነበር፤ አንዳንዱን ለስላሳ ዘፈን ወዶ ሌላውን ነቅፏል። አልበሙ አንደኛ ቢወጣም ከሁለተኛው ቶሎ ወረደ። ፔጅ በዚህ ክፉኛ ተጎዳ፤ ለረጅም ጊዜም ከጋዜጠኞች ራቀ።

ለኖቬምበር 1971ዱ አራተኛ አልበም የመጣው ሐሳብ ከዚህ ቁስል ነው። ሽፋኑ ላይ፣ ከፊትም ከኋላም፣ የባንዱ ስም የለም፤ የአልበሙም ርእስ የለም፤ የኩባንያው ምልክትም የለም። ልጣጩ በተነሣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ጭራሮ የተሸከመ ሽማግሌ ሥዕል ብቻ። በስም ፋንታ አራቱም አባላት ለራሳቸው አንድ አንድ ምልክት መረጡ። የፔጅ ክርክር ግልጽ ነበር፦ ስማችን ነው ሥራችንን የሚያስጠላው ከተባለ፣ ስሙን እናንሣና ሙዚቃው ብቻውን ይመዘን።

አትላንቲክ ፈርቶ ተከራከረ፤ ፍርሃቱም ምክንያት ነበረው። ስም የሌለው ሸክላ ሱቅ ውስጥ በየትኛው ፊደል ሥር ይደረደራል? የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? በማተሚያ ቤት ፊደላት ውስጥ የሌሉትን አራት ምልክቶች ጋዜጦቹ በምን ያትሟቸዋል? ባንዱ ዋናውን ቅጂ ይዞ ስላልተበገረ ኩባንያው ተሸነፈ። ምልክቶቹ አስቀድመው በማስታወቂያ ለአንባቢ እንዲለመዱ ተደረገ። ሮሊንግ ስቶን በዲሴምበር በሌኒ ኬይ ብዕር መልካም ግምገማ አወጣ። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ተብሎ ተመዝግቧል። ሆኖም ሽፋኑ ጋዜጠኛውን አላሸነፈም፤ አድማጩ ቀድሞውኑ ማን እንደሆኑ ያውቃል። ያሳየው ነገር ቢኖር ኃይሉ በየትኛው ወገን እንደነበረ ነው።

ከሙዚቃ ገጽ ወደ ዜና ገጽ

በ1972 በጋ ሌድ ዜፕሊን አሜሪካን ሲዞር ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው ባንድም በዚያው ወቅት እየዞረ ነበር (መጽሔቱና ባንዱ በስም ይመሳሰላሉ እንጂ የተለያዩ ናቸው)። የሌድ ዜፕሊን አዳራሾች ሞልተው ነበር፤ ሽያጫቸውም ከማንም አያንስም። ጋዜጣው ሁሉ ግን የሚያወራው ስለ ስቶንስ ነው። ደራሲው ትሩማን ካፖቴ ሳይቀር ከእነርሱ ጋር ተጉዟል። ቦናምና ሌሎቹ በግልጽ አዘኑ። ገንዘቡ ነበራቸው፤ ስማቸው ግን ከገንዘባቸው ጋር አልተመጣጠነም።

ስለዚህ ለ1973ቱ ጉዞ ግራንት ሊ ሶልተርስ የሚመራውን የኒው ዮርክ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ቀጠረ። ይህ ድርጅት እንደ ፍራንክ ሲናትራ ያሉ ደንበኞች የነበሩት እንጂ የሮክ ቤት አልነበረም። ሥራው የተሰጠው በሃያዎቹ መጀመሪያ ለነበረው፣ ራሱ የሮክ ጋዜጠኛ ለነበረው ዳኒ ጎልድበርግ ነው። የጎልድበርግ ሥራ እስከ ዛሬ ለማንኛውም ሙዚቀኛ ትምህርት ስለሚሆን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ሃያሲውን ለማሳመን አልሞከረም። አራት ዓመት የሠራ ጥላቻ በአንድ ምሳ ግብዣ አይሽርም። ሃያሲውን አልፎ ወደ ዜና ክፍል ሄደ። የዜና አርታኢ ስለ ጊታር ድምፅ አይጨነቅም፤ የሚፈልገው ቁጥር፣ ንጽጽርና ፎቶ ነው። ሜይ 4 ባንዱ አትላንታ ላይ ወደ 49,000 ሰው ፊት ተጫወተ። በማግስቱ ሜይ 5 ፍሎሪዳ ውስጥ ታምፓ ስታዲየም 56,800 ሰው ገባ፤ የትኬቱ ገቢ 309,000 ዶላር ነበር። ቢትልሶች በ1965 ኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም የሰበሰቡት 55,600 ነው። ልዩነቱ 1,200 ሰው ብቻ ነው፤ ነገር ግን «የቢትልሶች ክብረ ወሰን ተሰበረ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሮክ ለማያውቅ አርታኢም፣ ለአርታኢው እናትም ይገባል። ጋዜጦቹ ተቀባበሉት።

የዚህ ዜና ጥንካሬ በጥንቃቄ በተመረጠው መስፈርት ላይ ነው። ዉድስቶክን የመሰሉ ፌስቲቫሎች ከዚህ ብዙ እጥፍ ሰው ሰብስበዋል። ስለዚህ ክብረ ወሰኑ «በአንድ ባንድ ስም ትኬት ለተሸጠበት ኮንሰርት» ተብሎ ተጠበበ። መስፈርቱ እውነት ነው፤ ያለ እርሱ ግን ዜናው አይቆምም። የክብረ ወሰን ዜና የሚያነብ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከቁጥሩ ይልቅ «ከማን ጋር ተነጻጽሮ?» የሚለውን ነው።

ቀጥሎ ፎቶው መጣ። በዚያው ዓመት በጋ ባንዱ ስታርሺፕ የተባለ፣ ውስጡ እንደ ሳሎን የተሰናዳ ቦይንግ 720 አውሮፕላን ተከራየ። ፎቶግራፈሩ ቦብ ግሩን አራቱን በክንፉ ሥር አቁሞ ያነሣው ምስል ከማንኛውም ግምገማ በላይ ባንዱን ለሕዝብ አሳይቷል። ዘጋቢዎችንም አውሮፕላኑ ላይ ማሳፈር ተጀመረ። አብሮ የበረረ ሰው የሚጽፈው ሸክላ ብቻ ሰምቶ ከሚጽፈው ይለያል፤ የእንግሊዝ ሳምንታዊ ጋዜጦች ቅርበት አሜሪካ ውስጥ በገንዘብ ተገዛ ማለት ይቻላል።

በዜና ገጽ የሚገባ ሁሉ ግን መልካም አይደለም። ያ ጉዞ በጁላይ መጨረሻ ኒው ዮርክ ላይ ሲያልቅ፣ ከድሬክ ሆቴል ካዝና 200,000 ዶላር ገደማ የባንዱ ገንዘብ ተሰረቀ። ይህም የፊት ገጽ ዜና ሆነ። የዜና ክፍል ያመጣኸውን ወሬ ብቻ አይወስድም፤ አንዴ ካወቀህ ሌላውንም ይከታተላል።

የሃያሲዎቹ በር የተከፈተው በመጨረሻ በሰው ነው። ካሜረን ክሮው በ1975 የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ የሮሊንግ ስቶን ጸሐፊ ነው፤ ሙዚቃውን ደግሞ ከልቡ ይወዳል። ፔጅ ለመጽሔቱ መናገር አልፈልግም እያለ ቆይቶ ከክሮው ጋር ተቀመጠ። የማርች 13 ቀን 1975 እትም ፔጅንና ፕላንትን ሽፋኑ ላይ አወጣ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ የወጣው ድርብ አልበማቸው «ፊዚካል ግራፊቲ»ም በመጽሔቱ በጎ ግምገማ አገኘ። መጽሔቱ አቋሙን ሲለውጥ የቀድሞዎቹን ጸሐፊዎች አላሳመነም፤ ሌላ ጸሐፊ ላከ።

ፕሬሱ ልክ የነበረበት ቦታ

ይህን ሁሉ አንብቦ ባንዱ ንጹሕ ተበዳይ ነበር ብሎ መውጣት ስሕተት ነው። በ1969 ላይፍ መጽሔት ኤለን ሳንደር የተባለችውን ጋዜጠኛ ከባንዱ ጋር ላካት። ልትሰናበታቸው በገባች ጊዜ ሁለት የባንዱ አባላት ልብሷን ይዘው እንደቀደዱ፣ ያስጣላትም ግራንት እንደሆነ ጽፋለች። ለላይፍ ዘገባውን አልሰጠችም፤ በኋላ በራሷ መጽሐፍ አወጣችው። ሴት ጋዜጠኞች በዚያ ዓለም ውስጥ ምን ይገጥማቸው እንደነበር የሚያሳይ ምስክርነት ነው፤ «ፕሬሱ በከንቱ ጠላን» የሚለውን ክርክርም ያዳክማል።

በጁላይ 23 ቀን 1977 ኦክላንድ ላይ የኮንሰርት አዘጋጁ የቢል ግራሃም ሠራተኛ ከመድረክ ጀርባ ክፉኛ ተደበደበ። ቦናም፣ ግራንትና ሌሎች ሁለት የባንዱ ሰዎች ተከሰሱ፤ ክሱን ሳይከራከሩ ቀርተው በገደብ ተቀጡ። ግራሃም በአሜሪካ ሮክ ዓለም እጅግ የተከበረ ሰው በመሆኑ የጋዜጠኞቹ ልብ ወዴት እንዳዘነበለ መገመት አያስቸግርም።

ከሦስት ቀን በኋላ የፕላንት የአምስት ዓመት ልጅ በሕመም ሞተ። ጉዞው ተሰረዘ። ያን ጊዜ የዝምታው ዋጋ ታየ። ፔጅ አሌይስተር ክራውሊ ለተባለው የምሥጢራዊ አምልኮ ጸሐፊ የነበረው ፍላጎት የታወቀ ነው፤ ስኮትላንድ ውስጥ በሎክ ኔስ ሐይቅ ዳር የሚገኘውን የክራውሊን የቀድሞ ቤትም ገዝቷል። ባንዱ ስለ ራሱ ብዙ ስላልተናገረ ጋዜጦች የፕላንትን የ1975 የመኪና አደጋ፣ የልጁን ሞት፣ በኋላም ሴፕቴምበር 25 ቀን 1980 የሞተውን ቦናምን በአንድ ክር አስረው «እርግማን» ብለው ጻፉ። በሬ ወለደ የሚባለው ዓይነት ወሬ ነው። ልጁን በቀበረ አባት ላይ እንዲህ መጻፍ በየትኛውም ሚዛን ግፍ ነው። ግን ወሬው ያደገው ባዶ በተተወ ቦታ ላይ ነው።

ሃያሲዎቹ በአብዛኛው ያለፉት እውነተኛ ጥያቄም ነበር፦ ዘፈኖቹ የማን ናቸው? የጄፍ ቤክ መመሳሰልና የቅድሚያ ክፍያው ወሬ ዓይናቸውን ሲይዘው የደራሲነት መብቱ ጉዳይ ለፍርድ ቤት ቀረ። «ሆል ሎታ ላቭ» በተባለው ዘፈን ዊሊ ዲክሰን በ1985 ከሰሰ፤ ግጥሙ የብሉዝ ዘፋኙ መዲ ዋተርስ በ1962 ከዘፈነለት ሥራው እንደተወሰደ አመለከተ፤ በ1987 በስምምነት አለቀ፤ ስሙም ከደራሲዎቹ ጋር ገባ። «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ» ላይ ደግሞ ጄክ ሆልምስ በ2010 ከሰሰ፤ እሱም በስምምነት ተቋጨ።

ሮሊንግ ስቶን በበኩሉ በ2003 የምንጊዜም 500 ምርጥ አልበሞች ብሎ ባወጣው ዝርዝር፣ ሜንደልሰን ያጣጣለውን የመጀመሪያ አልበም 29ኛ ላይ አስቀመጠው፤ አራተኛው 66ኛ ነው። የድሮውን ግምገማ ዛሬ ፈልጎ የሚያነብ ሰው ቀኑን ከአልበሙ መውጫ ጋር ያስተያይ፤ ጸሐፊው ባንዱን መድረክ ላይ አይቶት እንደሆነ ይመልከት፤ በዚያው ሰሞን ሌላ ምን ሸክላ እንደወጣም ይጠይቅ። በእነዚህ ሦስት ነገሮች የሜንደልሰን ጽሑፍ ከክፋት ይልቅ ከጥድፊያ የመጣ ሆኖ ይነበባል።

የአልበሙን መለያ ጽሑፍ ማንበብም ይጠቅማል። «ቤብ አይም ጎና ሊቭ ዩ» በ1969ኙ ሸክላ ላይ ጥንታዊ የሕዝብ ዘፈን ተብሎ፣ ፔጅ እንዳቀናበረው ተጽፎ ነበር፤ ስሕተቱ የመጣው ጆአን ቤዝ በ1962 ካወጣችው ቅጂ ነው። ከ1990 ወዲህ በታተሙት ቅጂዎች ላይ የደራሲዋ የአን ብሬደን ስም አለ። በ2012 በወጣው የ2007ቱ የለንደን ኮንሰርት አልበም ላይ ደግሞ «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ» በፔጅ ስም ሥር፣ በጄክ ሆልምስ መነሻነት የተሠራ መሆኑ ተጠቅሷል። ሁለቱን እትም የያዘ አድማጭ ለውጡን መለያው ላይ ያገኘዋል።